ዶክሲሳይክሊን፣ የጫት ኬሚካልና የዘጠኝ ሳምንት ፅንስ፦ ለአንዲት የጣና ዳር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር እንኖራለን። የመጨረሻ የወር አበባዬን ያየሁት ጥቅምት 5 ነው። ኅዳር 3 ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘኝ፤ ክሊኒክ ሄጄ ደረቴን ራጅ ተነሳሁ፣ ታይፈስ ነው ተብዬ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ዋጥኩ። እርጉዝ መሆኔን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጫት ያለማል፣ ማላታዮን ይረጫል። ልብሱን የማጥብለት እኔ ነኝ፤ ጫቱንም አብሬው እለቅማለሁ። የባለቤቴ እህት ዓምና ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ ወልዳ ሞተባት። አማቴ ምች ነው የመታት ትላለች፤ ሰፈሩ ሐይቁ በእምቦጭ ስለተመረዘ ነው ይላል። እኔም አሳ መብላት ትቻለሁ። አንድ የምናውቀው ሰው ደግሞ ‘ፅንሱ በመድኃኒት ተበላሽቷል፣ የሚያስወርድ ኪኒን ላምጣልሽ’ ብሎኛል። ዛሬ ታኅሣሥ 8 ነው። ምን ላድርግ?»

ያን ኪኒን አትውሰጂ። ከጻፍሻቸው ነገሮች ውስጥ ፅንሱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ አንድም የለም። ዶክሲሳይክሊኑም ራጁም ይህን እርግዝና ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም። እኔን የሚያሳስበኝ አንቺ በመሐል ጠቅሰሽ ያለፍሽው የልብስ እጥበቱና የጫት ለቀማው ነው። እሱ ደግሞ ዛሬውኑ ሊቆም የሚችል ነገር ነው።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚስተውን ነገር ላስተካክል። ምንም መድኃኒት ያልነካች፣ ምንም ኬሚካል ያልቀረባት ጤነኛ ሴት እንኳ ስትወልድ ከ100 ሕፃናት 2 ወይም 3ቱ ከበድ ያለ የአፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ከእነዚህ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ምክንያቱን ለይተን ማወቅ አንችልም። የቀረው በዘር ውርስ፣ በክሮሞሶም ጉድለት፣ በእናት ሕመም፣ በምግብ ንጥረ ነገር እጥረትና በመድኃኒት ወይም በኬሚካል መካከል ይከፋፈላል፤ የመድኃኒትና የኬሚካል ድርሻ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ልጅ ችግር ይዞ ሲወለድ እናቲቱ የዋጠችውን እያስታወሱ መክሰስ በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ በሐዘን ላይ ያለችን ሴት በጥፋተኝነት ስሜት ከማቃጠል በቀር የሚፈይደው የለም።

አንድ ነገር ፅንስን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን የሚወስኑት ምንነቱ፣ መጠኑና የደረሰበት ቀን ናቸው። ስለ ቀኑ ሰዎች ብዙም አያስቡም፤ እኔ ግን አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የማወጣው የቀን መቁጠሪያ ነው። የቀንን ኃይል ዓለም የተማረው በታሊዶማይድ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍና ለማረጋጊያ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት፤ በ1961 እስኪታገድ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ጉዳቱ የደረሰው ግን ከፅንሰት በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ነበር። ያንኑ እንክብል ከዚያ በኋላ የወሰደች እናት ሙሉ አካል ያለው ልጅ ልትወልድ ትችል ነበር።

ያንቺን እንቁጠር። የወር አበባሽ ጥቅምት 5 ከመጣና ዑደትሽ የተስተካከለ ከሆነ ፅንሱ የተፈጠረው ጥቅምት 19 አካባቢ ነው። ሐኪም «9 ሳምንት» የሚለው ከወር አበባው ጀምሮ ቆጥሮ ስለሆነ የፅንሱ ትክክለኛ ዕድሜ 7 ሳምንት ነው። ትኩሳቱ ሲነሳብሽ፣ ራጁን ስትነሺና ዶክሲሳይክሊኑን ስትጀምሪ ፅንሱ ገና 14 ቀኑ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕዋሳቱ ገና ለየአካሉ አልተከፋፈሉም። በዚያ ጊዜ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ፅንሱ ይወርዳል፤ ካልወረደ የቀሩት ሕዋሳት የጎደለውን ተክተው ያድጋሉ። አንቺ በዚህ ወሰን ላይ ነበርሽ፣ መድኃኒቱም እስከ 20ኛው ቀን ዘልቋል። በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጡበት የነርቭ ዘንግ መነሻው ጠፍጣፋ ሽፋን ነው፤ እሱም ብቅ የሚለው በ18ኛው ቀን አካባቢ ነው። ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሱና ከ22ኛው ቀን ጀምሮ መሐል ላይ ገጥመው፣ ወደ ራስም ወደ ወገብም እየተጣበቁ ሄደው በ28ኛው ቀን ይዘጋሉ። ባንቺ ቆጠራ ኅዳር 17 መሆኑ ነው። ከላይ ሳይዘጋ ከቀረ የራስ ቅልና አንጎል አይሟላም፣ ከታች ከቀረ ጀርባ ክፍት ይሆናል። ልብ፣ እጅ፣ እግር፣ ከንፈር ከዚያ ቀጥለው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ቅርጻቸውን ይይዛሉ፤ ላንቃ ትንሽ ይዘገያል። አንጎል ግን እስከ መውለጃው ቀንም፣ ከዚያም በኋላ ሲገነባ ይኖራል።

ስለ ዶክሲሳይክሊን የሚወራው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የዚህ ዘር መድኃኒቶች ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቁ ከአራተኛው ወር በኋላ ሲወሰዱ የልጁን ጥርስ ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርጋሉ፣ አጥንት ውስጥም ይገባሉ። ለነፍሰ ጡር የማይታዘዘው በዚህ ነው። ኅዳር 3 ግን ጥርስ የሚባል ነገር አልተጀመረም። በእርግዝና መጀመሪያ ሳያውቁ የወሰዱት ሴቶች ልጆች ላይ ከባድ የአካል ጉድለት በግልጽ ጨምሮ አልታየም። ከዚህ በኋላ አትውሰጂው፤ ያለፈውን ግን እርሺው።

የደረት ራጅ ወደ ማህፀን የሚያደርሰው ጨረር ከ0.01 ሚሊግሬይ በታች ነው። ፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል ብለን መስጋት የምንጀምረው ከ50 ሚሊግሬይ በላይ ሲሆን ነው። ልዩነቱ ከ5,000 እጥፍ ይበልጣል። አንዳንድ ሴቶች በዚህ ፍርሃት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይሸሻሉ፤ ያልታከመ ሳንባ ነቀርሳ እናትንም ልጅንም ሊያሳጣ ይችላል።

ከኪኒኑ ይልቅ ትኩሳቱን ነበር በቁም ነገር የምወስደው። በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለቀናት የቆየ ትኩሳት የነርቭ ዘንግ ክፍተትን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። በመጠኑ ማለቴ ከሺህ ጥቂት የነበረው ከሺህ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው፤ ላንቺ አሁንም ጤነኛ ልጅ የመውለድ ዕድልሽ እጅግ ያመዘነ ነው። ወደፊት ግን ትኩሳት ሲይዝሽ «እርጉዝ ነኝ፣ መድኃኒት አልነካም» ብለሽ አትተኚ። ፓራሲታሞል ውሰጂና በዚያው ቀን የወባ ምርመራ አድርጊ። ያለነው ወባ ያለበት ዳርቻ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኮአርተም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ጭምር እንዲሰጥ ይመክራል። ፕሪማኩዊን ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እርጉዝ መሆንሽን ሳትናገሪ የወባ መድኃኒት አትቀበዪ። አጎበሩ የተነከረበት ኬሚካል ያሰጋል የሚባለውም ትክክል አይደለም። በየሌሊቱ ከአጎበር ሥር ተኚ።

አሁን ወደ ማላታዮኑ። ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የፀረ ተባይ ወገን ነው፤ ነፍሳትን የሚገድለው የነርቭ መልእክት የሚያቆመውን ኤንዛይም በማሰር ነው፣ የእኛም ነርቭ የሚሠራው በዚያው ኤንዛይም ነው። በቆዳ በኩል ይገባል፣ የእንግዴ ልጅንም ያልፋል። በእርሻ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ላሉ ኬሚካሎች በብዛት ከተጋለጡ እናቶች የተወለዱ ልጆች ላይ የክብደት ማነስና የአእምሮ እድገት መዘግየት ታይቷል። ከአካል ጉድለት ጋር ያለው ግንኙነት ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ አንዱ አለ ሲል ሌላው አያገኘውም። ስለዚህ «የባልሽን ልብስ ስላጠብሽ ልጅሽ ጎደሎ ይሆናል» የሚል ሰው ከማስረጃው በላይ ተናግሯል፤ «ምንም አይልም፣ እናቶቻችንም ያጥቡ ነበር» የሚልም እንደዚያው።

የሚረጭ ሰው ሸሚዝ ጀርባውን አይቼ አውቃለሁ። የመርጫው ጋን የሚያርፍበት ቦታ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ክዳኑ ባፈሰሰው ኬሚካል ርሶ ይደርቃል፤ የሱሪው ጉልበትና እጅጌው ደግሞ ከቅጠሉ የተመለሰውን ይቀበላል። ያ ልብስ ለብ ባለ ውሃ ሲዘፈዘፍና በባዶ እጅ ሲታሽ እጅሽ ላይ የሚቀረው ቀላል አይደለም። ልብሱ ከልጆች ልብስና ከነጠላ ጋር አንድ ላይ ከታጠበም ወደ እነሱ ይዛመታል። ለቀማውም ያው ነው፤ ትናንት የተረጨ ጫት እየለቀምሽ፣ እየጠቀለልሽ፣ በዚያው እጅ ምሳ መብላት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ነው። ሌላው የሚያስጨንቀኝ «ማላታዮን» ያልሽው በእርግጥ ማላታዮን መሆኑን አለማወቃችን ነው። ሰዎችን የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁልኝ ኑ ስላቸው ብዙ ጊዜ የሚያመጡልኝ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ሃይላንድ ነው፤ ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ የተሸጠላቸው። ለወባ መከላከያ የመጣ ዲዲቲ ጫት ላይ ሲረጭ እንደኖረም የታወቀ ነው። ዲዲቲ በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስክትወልጂ፣ ጡትም እስከምታጠቢ ድረስ፣ የሚረጭበትን ልብስ አትንኪ። ባለቤትሽ ራሱ የላስቲክ ጓንት አድርጎ፣ ለብቻው፣ ከሐይቁና ከወንዙ ርቆ ይጠበው፤ ውጭ አውልቆ፣ ገላውን ታጥቦ ይግባ። ጫት ለቀማውን ተዪው። መርጫው፣ ኬሚካሉና ባዶ ዕቃው ከምትተኙበትና ከምታበስዪበት ቤት ይውጣ። የኬሚካል ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ውሃም ጠላም አይቀዳበት። ውሃ ከሐይቁ ወይም ከመስኖ ቦይ የምትቀጂ ከሆነ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ኬሚካልን አያጠፋም፤ ለመጠጥና ለምግብ የቧንቧ ወይም የተጠበቀ ጉድጓድ ውሃ ፈልጊ። ሲረጭ የዋለ ሰው ወይም አንቺ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ከታየባችሁ ወተት እየጠጡ መጠበቅ የለም፤ ልብሱ ወልቆ፣ ገላ በሳሙና ታጥቦ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ባለቤትሽ «ሥራዬን ልተው ወይ?» ይላል፤ ልክ ነው፣ ቤታችሁ የሚተዳደረው በዚያ ነው። እኔ ተው አላልኩትም። ልብሱን ይጠብ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፣ ነፋስ እያየ ይርጭ ነው ያልኩት። ይህን ንገሪው፤ ካልሰማሽ በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል አብሮሽ ይምጣና ከሐኪሙ ይስማ።

ስለ እምቦጩ የሚወራው መሠረት የለውም። እምቦጭ ዓሣ አጥማጁን አስቸግሯል፣ ሐይቁንም ጎድቷል፤ ፅንስን ግን አያበላሽም። ምችም የነርቭ ዘንግን አይከፍትም። አሳውንም ብዪ። አሳን በተመለከተ የሚያሰጋው ሜርኩሪ ነው፤ በጃፓን ሚናማታ በ1956 እ.ኤ.አ. የታወቀው አደጋ በፋብሪካ ሜርኩሪ የተበከለ አሳ ከበሉ እናቶች የተወለዱ ልጆችን አንጎል ጎድቷል። ሜርኩሪ የሚከማቸው ግን በአብዛኛው ሌላ አሳ እየበሉ በሚያድጉት ላይ ነው። ቀረሶ የሚባለው አሳ ግን የሚኖረው ዋቅላሚ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ፣ እየበላ ነው፤ በደንብ የበሰለ ቀረሶ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ምግብ ነው። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ግን ይቅሩብሽ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በዚያ ይተላለፋል፣ የፅንሱን ዓይንና አንጎል ይጎዳል። አረቄ፣ ጠጅና ጠላም እንዲሁ። ለፅንስ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም፤ አልኮል ደግሞ በዘጠኙም ወር አንጎልን ይነካል። ኮሶ መጠጣትና ጤና አዳም ጨምቆ መጠጣትም ማህፀንን ሊያነሳሱ ስለሚችሉ አይሆኑም።

ሰውዬው ላምጣልሽ ያለው ኪኒን ብዙውን ጊዜ ሚሶፕሮስቶል ነው። ልብ በዪ፤ አንቺ ዶክሲሳይክሊንን ፈርተሽ የምትወስጂው ይህ መድኃኒት ራሱ ፅንስን በማበላሸት የታወቀ ነው። ማህፀንን አጥብቆ ስለሚያኮማትር ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ይቋረጣል። ፅንሱ ሳይወርድ እርግዝናው ከቀጠለ የእጅና የእግር ጉድለት፣ የፊት ነርቭ ሽባነት ያለው ልጅ ሊወለድ ይችላል። ያለ ሐኪም ሲወሰድ የሚመጣው የደም መፍሰስ ደግሞ ለብቻው ይገድላል። እስካሁን ወስደሽው ከሆነ አትደብቂ፤ ለሐኪሙ ንገሪውና በዚያው ይመርመርሽ።

ከዚህ በኋላ የሚጠብቅሽ ምርመራ ሁለት ጊዜ ነው። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ዕድሜውን ያረጋግጥልሻል፣ የራስ ቅል አለመሟላትም በዚያ ጊዜ ይታያል። ዋናው ግን ከ18 እስከ 22 ሳምንት የሚደረገው ነው። እሱን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄደሽ አስደርጊ፤ የመንደር ክሊኒክ «ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ደህና ነው» ቢልሽ የጀርባ አጥንቱን አንድ በአንድ ዓይቶልሻል ማለት አይደለም። ለሚያይሽ ሰው «የባለቤቴ እህት ጀርባው ክፍት ልጅ ወልዳለች» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ የት አተኩሮ እንደሚያይ ይወስንለታል። አልትራሳውንድ ቅርጽን እንጂ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ አያሳይም። የላንቃ ክፍተትና አንዳንድ የልብ ቀዳዳዎችም ሊያመልጡት ይችላሉ። ኬሚካሉ ፅንሱን ነክቶታል ወይ የሚለውን የሚመልስ የደም ምርመራም የለም፤ አለ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን ነው የሚፈልገው። ምናልባት ከባድና የማይድን ጉድለት ከተገኘ ሕጉ ራሱ መንገድ አለው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በዚህ ጊዜ በጤና ተቋም እርግዝና ማቋረጥን ይፈቅዳል። ውሳኔው በምርመራ ላይ ቆሞ፣ በሆስፒታል ውስጥ፣ ባንቺ ፈቃድ የሚደረግ ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሴቶችን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በእርግጥ ፅንስን የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከ10 ልጆች አንዱን ያህል ለከባድ የአካል ጉድለት ይዳርጋል፣ ከዚያ ለሚበዙት ደግሞ የአእምሮ እድገትን ያዘገያል። ሰው ሠራሽ የልብ ክዳን (ቫልቭ) ለተተከለላቸው የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ካረገዘች ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ፤ የሚጥል በሽታንና የልብን መድኃኒት ግን በገዛ እጇ አታቁም፤ በድንገት ያቆመች ሴት በሚጥል በሽታ ወይም በደም መርጋት ልትሞት ትችላለች። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. ስጋት ተነስቶ ነበር፤ በኋላ በብዙ ወሊዶች ላይ ሲታይ ስጋቱ አልጸናም። ማንም እንዳታቋርጠው።

የቀረችው የባለቤትሽ እህት ናት፤ እውነቱን ለመናገር ከአንቺ ይልቅ አስቸኳይ መልእክት ያለኝ ለእሷ ነው። የነርቭ ዘንግ ክፍተት በአገራችን ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ነው፤ ልንከላከለው የምንችለው ዋናው ምክንያት ደግሞ የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ለደምሽ ይጠቅማልና ዛሬውኑ ጀምሪው። ነገር ግን ብዙ እናት ክትትል የምትጀምረው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው፤ ዘንጉ ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ሁለት ወር ያልፈዋል። የሚሠራው ከእርግዝና በፊት የተጀመረው ብቻ ነው። ለማንኛዋም ለማርገዝ ላሰበች ሴት በቀን 0.4 ሚሊግራም ይበቃል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች ግን የሚደገምበት ዕድል ከ100 ከ2 እስከ 4 ስለሚሆን መጠኑ 10 እጥፍ ያህል ነው፤ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊግራም። በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የእንግሊዝ ጥናት በዚህ መጠን ከ10 ድግግሞሽ 7ቱን መከላከል እንደሚቻል አሳይቷል። የጤና ጣቢያውን እንክብል ደራርቦ መዋጥ አይሆንም፣ አይረኑ ይበዛባታል፤ ፎሊክ አሲድ ብቻ ያለበትን 5 ሚሊግራም በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ትግዛ። ለማርገዝ ከማሰቧ 3 ወር በፊት ጀምራ፣ ካረገዘችም በኋላ እስከ 12 ሳምንት ትቀጥል። እስከዚያ ድረስ የወሊድ መከላከያ ትጠቀም። ልጅ ከሞተባት ዓመት ሆኗታል፣ ምናልባት አሁኑኑ ለማርገዝ እየሞከረች ይሆናል፤ ስለዚህ ይህን ሳትውል ሳታድር ንገሪያት።